«የአገራችሁ ልጅ ናት» እያሉ የሚሸጧትን ኤሊ አትግዙ

ደረሰኙ ፊቴ ተዘርግቷል። ኤሊ፦ 160 ዶላር። «ሙሉ ዕቃ»፦ 215 ዶላር። ከታች፣ አጉሊ መነጽር በሚያስፈልገው ፊደል፦ «ለትምህርት ዓላማ ብቻ የተሸጠ»። ይህችን መስመር ያየናት ቤት ከተገባ በኋላ ነው።

ቅዳሜና እሁድ አዳራሽ ተከራይተው ተሳቢ እንስሳት የሚቸበችቡትን ሰዎች ሚኒሶታ ያላችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ልጅ ይዞ የሚዞር አባት ከሩቅ ይሸታቸዋል። የእኅቴ ባል የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር፦ «ቤታችን ክረምት ላይ ከ68 ፋራናይት አያልፍም፤ ይህን የሚችል፣ ለጀማሪ የሚሆን ምን አለህ?» 68 ማለት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሻጩ ለዚህ አልመለሰም። «ከየት ናችሁ?» አለ። ኢትዮጵያ ሲባል ጎንበስ ብሎ ሎሚ የምታክል ኤሊ አነሳና ቀጥታ ልጁ መዳፍ ላይ አስቀመጣት። «ይቺማ የአገራችሁ ልጅ ናት! በረሃ ማታ ማታ ይበርድ የለ? ብርድ አዲሷ አይደለም።» ልጅ መዳፍ ላይ የወጣች ኤሊ ወደ ሣጥኗ እንደማትመለስ እሱም ያውቃል። ከዚያ ወረቀቱን አቀረበ፤ የላይኛውን ግማሽ አጥፎ፣ እጥፋቱ ላይ አውራ ጣቱን ጭኖ። «የዋስትና ነው፣ እዚህ ጋ ፈርም።» ተፈረመ።

ዋስትና የተባለው ገዢው ኤሊዋን ለማስተማሪያ እንደሚወስዳት የሚያረጋግጥ ቃል ነበር። በማግስቱ አብረን ተመልሰን ስንጠይቀው ጎኑ የቆመውን ባልደረባውን ጠቀሰና «መምህር ነኝ ብለህ ፈርመሃል እኮ» አለ። ሁለቱም ሳቁ። «ሕይወት ያለው ነገር አይመለስም» የሚል ካርቶን ከጀርባቸው ተለጥፏል።

ወረቀቱ ለምን እንዳስፈለገ ልንገራችሁ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የጀርባዋ ድንጋይ ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሳንቲሜትር ገደማ ያነሰ ኤሊ ለቤት እንስሳነት እንዳትሸጥ ከ1975 ጀምሮ ከልክሏል። ምክንያቱ ሳልሞኔላ ነው፤ ትንንሾቹን ሕፃናት አፋቸው ውስጥ ይከቷቸዋል። ለእውነተኛ ምርምር፣ ለትምህርትና ለኤግዚቢሽን ብቻ አንዲት በር ተትታለች፤ እነዚህ ሰዎች የሚሾልኩት በእሷ ነው፣ የእናንተን ፊርማ ይዘው። ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። 10 ሳንቲሜትር ካልሞላች ወሬው እዚያው ያበቃል።

«የአገራችሁ ልጅ» የተባለችው ዝርያ ሱልካታ ትባላለች። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ በተዘረጋው ደረቅ የሳህል ምድር ትኖራለች፤ እስከዚህ እውነት ነው። ከዱር ተይዞ ለንግድ የሚወጣው ኮታ ግን ከ2000 ጀምሮ ዜሮ ስለሆነ፣ ጠረጴዛው ላይ ያሉት እዚሁ አሜሪካ የተፈለፈሉ ናቸው። የበረሃ ብርድ ወሬው ደግሞ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ሱልካታ ሌሊቱን ሜዳ ላይ አታድርም። ሜትሮች የሚረዝም ጉድጓድ ቆፍራ ትገባለች፤ አፈሩ የቀኑን ሙቀትና እርጥበት ይዞ ያሳድራታል። እንደ አንዳንድ የሰሜን ኤሊዎች ክረምቱን ተኝታ የምታሳልፍም አይደለችም። ሚኒሶታ ውስጥ ያንን ጉድጓድ በኤሌክትሪክ የምትሠሩላት እናንተ ናችሁ ማለት ነው። ሎሚዋ ደግሞ ከ45 ኪሎ በላይ ልትሆን ትችላለች። ያኔ የራሷ የሚሞቅ ቤት ያስፈልጋታል፤ የ1500 ዋት ማሞቂያ በቀን 12 ሰዓት ቢነድ 18 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 540 ይበላል። በዓመት ግማሹን። ዕድሜዋ ከ70 ዓመት ሊያልፍ ስለሚችል ለልጅ ልጅም ትተርፋለች።

ከኤሊዋ በላይ ያንገበገበኝ ግን የ215 ዶላሩ ዕቃ ነው። ሣጥኑ ክዳኑ ወንፊት የሆነ፣ 75 ሊትር የሚይዝ የዓሣ መስታወት ነው። ጫጩት ሱልካታ በአንዱ ጥግ ከ35 እስከ 38 ዲግሪ የሚሞቅ ቦታ፣ በሌላው ጥግም ሆነ በሌሊት ከ26 የማይወርድ ሙቀት፣ 80 በመቶ ገደማ እርጥበት ትፈልጋለች። ክረምት ላይ የቤት ማሞቂያ የሚነፋው አየር ደረቅ ነው፤ ሙቀቱም እርጥበቱም በወንፊቱ ሽቅብ ይወጣል። «የበረሃ ናት» ተብሎ በደረቁ ስታድግ የጀርባዋ ድንጋይ እየጎበጠ ጉብታ በጉብታ ይሆናል፤ ከተበላሸ በኋላ አይቃናም። ውሃ ያጣ ኩላሊቷ ይጎዳል፣ ፊኛዋ ውስጥ ጠጠር ይጋገራል።

ሌላው ዕቃ ከዚህ አይሻልም። ለሌሊት ተብሎ የተሰጠው ቀይ አምፖል ነው፤ ኤሊ ግን ሌሊት ጨለማ ነው የምትፈልገው፣ ትክክለኛው ብርሃን የማይሰጥ የሴራሚክ ማሞቂያ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሞቀው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ሆዷን ያቃጥላታል፤ በተፈጥሮዋ ከላይ፣ ከፀሐይ እንጂ ከታች አትሞቅም። ጥምዝ የሆነችው አምፖል አልትራቫዮሌት ቢ የተባለውን ጨረር ትሰጣለች፣ ግን ለጠባብ ቦታ ብቻ። ያለዚያ ጨረር ቫይታሚን ዲ3 አይሠራም፣ ካልሲየም ወደ ሰውነቷ አይመጠጥም፣ ድንጋይዋም አጥንቷም ይለሰልሳል። የሣጥኑን ግማሽ የሚሸፍን ቲ5 የሚባል ቀጭን ረጅም የመብራት ቱቦ ነው የሚያስፈልገው፣ በየዓመቱ የሚቀየር፤ ብርሃኑ ሳይጠፋ ጨረሩ ቀድሞ ስለሚያልቅ ዓይን አይለየውም። መስኮት አጠገብ ማስቀመጥም አይረዳም፣ መስታወቱ ያግደዋል። «ካልሲየም አሸዋ» ያሉት ከምግቧ ጋር እየተዋጠ አንጀት ይዘጋል። ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ክብ ቴርሞሜትር የሚለካው መስታወቱን ነው፣ ኤሊዋ ያለችበትን ወለል አይደለም። ከሁሉ የሚያስፈልገው፣ ሙቀቱን እየለካ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋው ቴርሞስታት ደግሞ ጭራሽ የለም! ማሞቂያን ያለ ቴርሞስታት የሸጠ ሰው ወይ ሥራውን አያውቅም ወይ ዳግመኛ እንድትገዙ ይፈልጋል።

የገዛችሁ ካላችሁ፣ ከላይ የተዘጋ 120 በ60 ሳንቲሜትር ሣጥን፣ 8 ሳንቲሜትር የተነጠፈ እርጥብ የኮኮናት ገለባ፣ 100 ዋት ሴራሚክ ከቴርሞስታት ጋር። ሴራሚኩ ሌት ተቀን ቢነድ እንኳ በወር 72 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በየቀኑ አገጯ ብቻ በሚደርስ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ፤ ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና። ምግቧ ሣርና ድርቆሽ ነው፤ ፍራፍሬ አይደለም፣ ሰላጣም ውሃ ብቻ ነው። አፍንጫዋ አረፋ ካወጣ ሳንባዋ ተነክቷል፤ ለነገ አትበሉ፣ ተሳቢ የሚያክም ሐኪም ጋ ውሰዷት። መናፈሻ ወስዶ መልቀቅ መግደል ነው።

ለቀዝቃዛ ቤት የሚሆን ጠፍቶ አይደለም። ክሬስትድ ጌኮ የምትባለው የኒው ካሌዶኒያ እንሽላሊት፣ ጠፍታለች ተብላ በ1994 እንደገና የተገኘችው፣ ቀን ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ይበቃታል፤ ሌሊት 18 ቢሆን አትጎዳም። 20 ዲግሪ በሆነ ቤት ቀን ቀን በቴርሞስታት የምትሠራ ትንሽ አምፖል ትበቃለች። የምትፈራው ሙቀትን ነው፣ ከ28 በላይ ያሳምማታል። 45 በ45፣ ቁመቱ 60 ሳንቲሜትር የሆነ ሣጥን፣ በውሃ የሚበጠበጥ የዱቄት ምግብ በሁለት ቀን አንዴ፣ ማታ ማታ ውሃ መርጨት። ሁለተኛው ኮርን ስኔክ ነው፣ መርዝ የሌለው የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ እባብ፤ አንዱ ጥግ ከ28 እስከ 31፣ ሌላው 22 ከሆነ ደኅና ነው፣ መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋም አይደነግጥም። በእኛ ቤት ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አያት መጥታ ማደሯ ይቀራል።

የትኛውንም ብትመርጡ ሣጥኑን አስቀድሙ። ቴርሞስታቱን ሰክታችሁ፣ ቤታችሁ በሚቀዘቅዝበት በሌሊቱ ማለቂያ ላይ የሁለቱንም ጥግ ቁጥር ሦስት ቀን መዝግቡ፤ እንስሳው ከዚያ በኋላ ይገዛ።