ቀዳዳቸው በግድ ሰፍቶ ለአሮጌ ማሽኖች ስለሚሸጡ የመጋዝ ዲስኮች የተሰጠ ማስጠንቀቂያ

በቆየ ማሽን እንጨት ለምትሰነጥቁ አናጢዎችና የእንጨት ሥራ ቤት ባለቤቶች በሙሉ። በአዲስ አበባ ገበያ ለአሮጌ የጣሊያንና የጀርመን ማሽኖች «ልኩ ነው» እየተባሉ ከሚሸጡት የመጋዝ ዲስኮች መካከል የመሀል ቀዳዳቸው በቶርኖ (ብረት እያዞረ በሚቆርጥ ማሽን)፣ አንዳንዴም በሞረድ ተበልቶ የሰፋ ስላለባቸው፣ ሳትለኩ እንዳትገዙ፣ የገዛችሁም ማሽኑ ላይ ከማሰራችሁ በፊት እንድትመረምሩ አሳስባለሁ። ጉዳቱ ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው በቅሬታ ሊያልፈው ይችል ነበር፤ ነገር ግን ዲስኩ የሚዞረው ከሠራተኛው እጅና ዓይን አጠገብ ነው።

የነገሩ መነሻ የዘንጉ (ዲስኩ ተሰክቶበት የሚዞረው ብረት) ልክ አለመግጠም ነው። በየሥራ ቤታችን የምናያቸው ከባድ የጊዛ (በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ጠረጴዛ ያላቸው ኮምባይንድ (ብዙ ዓይነት የእንጨት ሥራ በአንድነት የሚሠሩ) ማሽኖች በአብዛኛው ከአውሮፓ የመጡ በመሆናቸው፣ የመጋዝ ዘንጋቸው 30 ሚሊ ሜትር ነው። በገበያው ላይ በርከት ብለውና ረከስ ብለው የሚገኙት ዲስኮች ግን ብዙዎቹ 25.4 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም አንድ ኢንች ቀዳዳ ያላቸው ናቸው። ቀዳዳው ከዘንጉ ሲሰፋ በመካከል ቀለበት ገብቶ ይስተካከላል፤ ይህ በአምራቾችም የሚደገፍ አሠራር ነው። ቀለበት ግን ያጠብባል እንጂ አያሰፋም። ስለዚህ የ25.4ቱን ዲስክ በ30 ዘንግ ላይ ማስገባት የሚቻለው ብረቱን ዙሪያውን 2.3 ሚሊ ሜትር በመብላት ብቻ ነው፤ አንዳንድ ነጋዴዎችም ይህንኑ አስደርገው፣ በላዩ ላይ አዲስ ወረቀት ለጥፈው፣ ከትክክለኛው ዲስክ በማይተናነስ ዋጋ ይሸጡታል።

ይህን ስጽፍ ከፊቴ የተቀመጠው ባለ 300 ሚሊ ሜትር ዲስክ በዚህ መልክ የተሸጠልኝ ነው። ወረቀቱ «30» ይላል፤ ወረቀቱ ሲላጥ ግን ከሥሩ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ጽሑፍ ዱካ ይታያል። የቀዳዳው ጠርዝ የፋብሪካ ዲስክ እንዳለው ለስላሳና ወጥ አይደለም፤ ጣት ሲያልፍበት የሚቧጥጥ ጭረት አለው። በካሊፐር ሲለካ በአንድ አቅጣጫ 30.1፣ በሌላው 30.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይኸውም ክብ አይደለም ማለት ነው። ከሁሉም የሚከፋው ግን መሀሉን የሳተ መሆኑ ነው፤ ከቀዳዳው ጠርዝ እስከ ጥርሱ ጫፍ በአንድ በኩል 134.6፣ በተቃራኒው 135.3 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። ዲስኩን ይዤ ስመለስ ሻጩ «ጌታዬ፣ አሮጌ ማሽን እኮ ነው፤ ዳዶውን ካጠበቅከው ሲዞር ራሱ ይስተካከላል» ብሎ ሳይቀበለኝ ቀርቷል።

ራሱ አይስተካከልም። ዲስኩን የሚያጠብቀው ዳዶና ግራና ቀኝ ያሉት ትላልቅ ሮንዴላዎች (ዝርግ የብረት ቀለበቶች) ዲስኩን ባለበት ያጣብቁታል እንጂ ወደ መሀል አይመልሱትም። ከላይ ባለው ልክ የዲስኩ መሀል ከዘንጉ መሀል 0.35 ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃል። ይህ ከወረቀት ውፍረት ብዙም የማይዘል ቢመስልም፣ 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ዲስክ በደቂቃ 4000 ጊዜ ሲዞር ዘንጉን ከሰባት ኪሎ ክብደት በላይ በሆነ ኃይል፣ በሰከንድ 67 ጊዜ፣ በየአቅጣጫው ይጎትተዋል። ኩሽኔታው ቶሎ የሚያረጀው፣ ማሽኑ የሚንቀጠቀጠውና የተቆረጠው ጣውላ ፊቱ የሚሸረከተው በዚህ የተነሣ ነው። በዚያ ላይ ወደ ውጭ የወጡት ጥርሶች ብቻ እንጨቱን ስለሚመቱ የሌሎቹንም ሥራ ይሸከማሉ፤ ቋጠሮ ያለበት ወይራ ወይም የደረቀ ባሕር ዛፍ ሲገጥማቸው የካርባይዱ ጫፍ (በጥርሱ ላይ የተበየደው እጅግ ጠንካራ ቁራጭ) ከብየዳው ሊነቀል ይችላል። የዚህ ዲስክ ጥርስ በተባለው ፍጥነት በሰዓት ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ፣ የተነቀለችው ጫፍ የምትወረወረውም በዚያው ፍጥነት ነው።

ቀዳዳ ማስፋት በጠቅላላው አይቻልም ማለቴ አይደለም። ዲስኩን ከውጭ ዙሪያው ይዞ መሀሉን የሚያገኝ ማሽን ያለው የዲስክ ጥርስ መሳያ ቤት በትክክል ሊሠራው ይችላል። እኔ የምቃወመው ሥራው በግምት ተሠርቶ፣ ለገዢው ሳይነገረው፣ እንደ ፋብሪካ ልክ መሸጡን ነው። ሥራቸውን በሐቅ የሚሠሩ፣ «ይህ ለማሽንህ አይሆንም» ብለው ገዢውን የሚመልሱ ነጋዴዎች መርካቶ ውስጥ እንዳሉም አውቃለሁ፤ እነዚህ ሐሰተኛ ዲስኮች የእነሱንም ገበያ ይጎዳሉ።

አገልግለው ያረጁ ዲስኮችን ቀለም ቀብቶ እንደ አዲስ መሸጥም እንዲሁ ተለምዷል። ይህን ለመለየት ዲያሜትሩን መለካት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ደጋግሞ የተሳለ ባለ 300 ዲስክ 296 ወይም 294 ሆኖ ይገኛል፤ የካርባይዱ ጫፍም አጥሮ ከብረቱ እምብዛም ጎልቶ አይታይም። በጥርሶቹ ሥር ስንጥቅ እንዳለ ለማወቅ ደግሞ ቀለሙን አስለቅቆ በነጭ ጋዝ መቀባት፣ ጥቂት ቆይቶ በደረቅ ጨርቅ አጥብቆ መጥረግ፣ ከዚያም የጠመኔ ዱቄት መነስነስ ነው፤ በስንጥቁ ውስጥ የቀረው ጋዝ ጠመኔውን አርሶ ቀጭን መስመር ያወጣል። ስንጥቅ የታየበት ዲስክ አይበየድም፤ መወገድ አለበት።

የቀዳዳው ልክ ትክክል ቢሆን እንኳ ዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ የዙር መጠን ከማሽናችሁ ዙር በላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ በአሮጌ ማሽኖች ላይ ፑሊው (ቺንጋው የሚዞርበት መዘውር) ተቀይሮ ዙሩ ከመጀመሪያው የጨመረበት ጊዜ አለና። ከዲስኩ ኋላ የሚቆመው፣ የተሰነጠቀው እንጨት ዲስኩን እንዳያጣብቅ የሚለየው ብረትም ከዲስኩ አካል ወፍሮ ከጥርሱ ስፋት መቅጠን ይኖርበታል። አዲሶቹ ቀጫጭን ዲስኮች በአሮጌው ወፍራም ብረት ፊት ሲገቡ እንጨቱ ስለሚያዝ፣ ብዙ ሠራተኛ ብረቱን ፈትቶ ይጥለዋል፤ ይህ እንጨቱ ተመልሶ ሆድ እንዲመታ በር መክፈት ነው።

ስትገዙ የዲስኩ ዲያሜትር፣ የቀዳዳው ልክ፣ የጥርሱ ብዛትና አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ «መለዋወጫ» ብቻ የሚል ደረሰኝ በኋላ ለክርክር አይረዳም። ለግል አገልግሎቱ የገዛ ሰው በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት፣ ዕቃው ጉድለት ካለበት በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። አዋጁ ሸማች የሚለው ለምርት ሥራ የሚገዛውን ስለማይጨምር፣ የሥራ ቤት ባለቤቶች የሚመኩት በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሽያጭ ድንጋጌዎች ላይ ነው፤ እነሱም ገዢው ዕቃውን ወዲያው መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ዲስኩን ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ማቆየት ያስከፍላል።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ ኤሌክትሪኩን ከነቀላችሁ በኋላ ዲስኩን አስራችሁ፣ አንድ ቁራጭ እንጨት ጥርሱን ለመንካት እስኪቀርብ ድረስ ጠረጴዛው ላይ በሞርሳ አጥብቃችሁ፣ ዲስኩን በእጅ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። በአንድ በኩል ያሉት ጥርሶች እየነኩ በተቃራኒው ያሉት ክፍተት ትተው ካለፉ፣ ያንን ዲስክ አውርዱት፤ ለሌላ ሰውም አሳልፋችሁ አትሽጡት።

ባለ 30 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ዲስክ ከዓለም ገበያ የጠፋ ዕቃ አይደለም፤ በጣሊያንና በጀርመን ዛሬም በየመሣሪያ መደብሩ የሚሸጥ የተለመደ ልክ ነው። በዚያ የሚኖር ዘመድ ያላችሁ ልታስመጡ ትችላላችሁ። አሜሪካ ላለ ዘመድ ግን ልኩን ሳትገልጹ አታስይዙ፤ እዚያ በብዛት የሚሸጠው ባለ 10 ኢንች ዲስክ ቀዳዳው 5/8 ኢንች፣ ማለትም 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስትልኩ ዲያሜትሩን፣ የጥርሱን ስፋት፣ የአካሉን ውፍረት፣ ቀዳዳውንና የጥርሱን ብዛት በቅደም ተከተል ጻፉ፤ ለምሳሌ 300 × 3.2 × 2.2 × 30፣ ለስንጠቃ 24 ጥርስ፣ ለኤምዲኤፍ 96 ጥርስ። ማሽናችሁ ዲስኩን የሚይዙ ትንንሽ ፒኖች ካሉት የእነሱንም ርቀትና ውፍረት አብራችሁ አስታውቁ።