ለጋኦካኦ እንግሊዝኛ፦ ማዳመጥ ይቅደም ወይስ ማንበብ?

በቻይና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና፣ በጋኦካኦ፣ እንግሊዝኛ ከ150 ይታረማል። በብሔራዊው ፈተና ማዳመጥ 30 ነጥብ ይይዛል፤ ንባብ ከዚያ ይበልጣል።

ማንበብ ጊዜ ይሰጣል። ያልገባው ተማሪ ተመልሶ ያያል። የሚያስቸግረው ረጅሙ ገላጭ ሐረግ ነው፤ በቻይንኛ፣ እንደ እኛው አማርኛ፣ ከሚገልጸው ስም ይቀድማል፣ በእንግሊዝኛ ግን ይከተላል።

ማዳመጥ አይጠብቅም። የመጀመሪያዎቹ 5 አጫጭር ንግግሮች የሚሰሙት አንዴ ብቻ ነው። በማንዳሪን፣ በመደበኛው ቻይንኛ፣ «ት» ወይም «ድ» ብሎ የሚያልቅ ቃል የለም። ስለዚህ ልጁ «ዎክት»ን (walked፣ «ተራመደ») «ዎክ» (walk፣ «ይራመዳል») ብሎ ይሰማና የትናንቱ ነገር የዛሬ ይሆንበታል። ይሄ በጣም ያሳዝናል፤ ቃሉንማ ያውቀዋል!

እኔ ማዳመጥን አስቀድማለሁ። ተማሪው አጭር የድምፅ ቅጂ ይስማ፣ የሰማውን ይጻፍ፣ ከዚያ ጽሑፉን እያየ ያመለጠውን ያስምርበት። እግረ መንገዱን ንባብም ይለማመዳል።