ሲስተርዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ሽሮ ሜዳ አካባቢ ያላችሁ ወላጆች፣ ይሄን አንብቡልኝ። ምስጋናም ነው፣ ጥቆማም ነው።

ባለፈው ሐሙስ ማታ 1 ሰዓት ግድም መብራት ጠፋ። የላምባ ምድጃዋን ልለኩስ ብዬ ላምባውን ከጓዳ አወጣሁት። ያለው በሃይላንድ ነው። አውቃለሁ፣ አትስደቡኝ፤ ራሴን በደንብ ሰድቤዋለሁ። ክብሪት ፍለጋ ዞር ስል የ2 ዓመቱ ልጄ ውሃ መስሎት ተጎነጨው። ወዲያው ትን አለው። ሳሉ አላቆም አለ፣ አፉ ላምባ ላምባ ይሸታል።

ቤቱ ተተራመሰ። እናቴ "ወተት ስጪው!" ትላለች። ጎረቤታችን ጣቷን ጉሮሮው ውስጥ ከትታ ልታስመልሰው ደርሳለች። እኔ ደግሞ ግራ ገብቶኝ ሁለቱንም ልፈቅድ ነበር። ባለቤቴ ልጁን ነጥቆን ሮጠ። መንገድ ላይ የገባንበት አንድ ክሊኒክ ልጁን እንኳ ሳያዩ "መጀመሪያ ካርድ አውጡ" አሉን። ትተናቸው ወደ መንግሥት ጤና ጣቢያው ሄድን።

ድንገተኛ ክፍል ያገኘናት ሲስተር (ስሜን አትጥሪ ብላኛለች) መጀመሪያ የጠየቀችኝ "አስመለሳችሁት?" ብላ ነው። "ኧረ አላስመለስነውም" ስላት "ተመስገን" አለች። ላምባ ሆድ ከገባው ይልቅ ሳንባ የገባው ነው ጉዱ። ልጁ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ወተቱም ሆዱን ሞልቶ ሊያስመልሰው ይችላል። በረኪናና የባትሪ አሲድም ቢሆን አታስመልሱ አለችኝ፤ ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ ይደግመዋል።

ይሄን ሁሉ የነገረችኝ እጇ ሥራ ሳይፈታ ነው። ላምባ የነካውን ልብሱን አወለቀች፣ አገጩንና ደረቱን በሳሙና አጠበች። የእግሩ አውራ ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያ ሰካች። ከዚያ ደረቱን ገልጣ፣ ሰዓቷን እያየች ሙሉ 1 ደቂቃ ትንፋሹን ቆጠረች። 38። "በሱ ዕድሜ 40 ከሞላ ፈጣን ነው እንላለን" አለችኝ። በየግማሽ ሰዓቱ እየመጣች ትቆጥራለች። እንቅልፍ ሲወስደው እንኳ ሳትቀሰቅሰው ጋቢውን ገለጥ አድርጋ። እኔም አብሬያት መቁጠር ጀመርኩ።

3 ሰዓት ላይ ሳሉ ረገብ ሲልልኝ "እንሂድ?" አልኳት። "ሳንባው ተነክቶ ከሆነ ቆይቶ ነው የሚታየው። ከጠጣ 6 ሰዓት ሳይሞላው የትም አትሄጂም። ትንፋሹ ከጨመረ ደግሞ ወደ ሆስፒታል ነው የምልክሽ።" ቆፍጠን ያለች ናት፣ አታባብልም። ወደድኳት። ሌሊት 7 ሰዓት ተኩል ላይ 30 ቆጥራ አሰናበተችን። ሌላ ጊዜ መኪና ከጠፋ 907 (አምቡላንስ) ደውሉ፣ የጠጣበትንም ዕቃ ይዛችሁ ኑ አለችን።

ትናንት አምባሻ ይዘን ሄድን። ልጁን ሳመችው፣ አምባሻውን ተቀበለች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"ላምባውን አሁን የት አስቀመጥሽው?"