«ፍሎቲንግ ላይሰንስ በብር» ከሚሏችሁ ሻጮች ተጠንቀቁ

ለዲቨሎፐር ቡድን የሶፍትዌር ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) የምትገዙ ሁሉ፣ ይህን ሳታነቡ ፕሮፎርማ አትቀበሉ።

ዶላር ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ በብር የሚሸጥ ሲገኝ ሰው ይሯሯጣል። ለእኛም አምስት ፍሎቲንግ ላይሰንስ ተሸጠልን። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ፕሮግራሙን የከፈተ ሰው ላይሰንሶቹን ከሚያድለው ኮምፒውተር፣ ማለትም ከላይሰንስ ሰርቨሩ፣ አንድ ይወስዳል፣ ሲዘጋ ይመልሳል። አሥር ሰው በአምስት ላይሰንስ እየተፈራረቀ ይሠራል። ሰርቨሩ ግን ሻጩ ጋ ነው የተቀመጠው። «ጥገናውም በእኛ ነው» ብለው እንደ ጥቅም ነበር የነገሩን።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ልጆች ብቻ እየሠሩ ሦስተኛው ሲከፍት «ላይሰንስ የለም» ይለው ጀመር። ሻጩ ጋ ስንደውል መልሱ አንድ ነው፦ «ከእናንተ አንዱ ሳይዘጋው ሄዶ ነው።» ሰርቨሩ ፍሌክስኔት (FlexNet) በሚባል የላይሰንስ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የሚሠራ ስለሆነ ከራሳችን ኮምፒውተር ኤልኤምስታት (lmstat) የሚባለውን ትዕዛዝ አስኬድን። ስንት ላይሰንስ እንዳለ፣ ስንቱ እንደተያዘ፣ ከሥር ደግሞ የያዘውን ሰው ስም፣ የኮምፒውተሩን ስምና የጀመረበትን ሰዓት ይዘረዝራል። ሁለቱ የእኛ ልጆች ናቸው። ሦስቱን ጨርሶ አናውቃቸውም፤ ኮምፒውተሮቻቸውም የእኛ አይደሉም። ያንኑ አምስት ላይሰንስ ለሌላም ቸብችበውታል! የእኛ ልጆች ስምም ለእነዚያ ሰዎች እንዲሁ ይታያል፤ እኔን ይበልጥ ያናደደኝ ይሄ ነው።

ሰርቨሩን የያዘ ሰው ከፈለገ ላይሰንሱን ለመረጠው ደንበኛ ማስያዝም ይችላል። የእሱ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የእናንተ ሥራ ይቆማል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የላይሰንስ ፋይሉን አሳዩን በሉ። ፍሌክስኔት ከሆነ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፣ በኖትፓድ ይከፈታል። «ሰርቨር» (SERVER) በሚለው መስመር ላይ ያለው መለያ፣ አብዛኛውን ጊዜ የማክ አድራሻ (የኮምፒውተሩ የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር)፣ የእናንተ ማሽን መሆን አለበት። የላይሰንሱ ብዛትም እዚያው ተጽፏል። ቁጥሩን ቢነካኩት በፋይሉ ውስጥ ያለው ዲጂታል ፊርማ ስለሚበላሽ አይሠራም። ፋይሉን አላሳይም ካለ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት። ካሳየም ላይሰንሱ በድርጅታችሁ ስም መመዝገቡን አምራቹን በኢሜይል ጠይቁ። ብዙ አምራቾች ለሦስተኛ ወገን ማከራየትን በውላቸው ይከለክላሉ፤ የቫት ደረሰኝ መያዝ ብቻውን አያድናችሁም።

ከከፈላችሁ በኋላ ከነቃችሁ፣ ኤልኤምስታት የሚያወጣውን ዝርዝር ከነቀኑና ከነሰዓቱ አስቀምጡ፤ ሻጩን ከመጠየቃችሁ በፊት ይሁን። እኛ ገንዘባችን እንዲመለስ የጠየቅነው ያንን ዝርዝር አያይዘን ነው፤ መልስ እየጠበቅን ነው።