ከብሮድዌይ ጎን አራት ሌሊት፦ በኒውዮርክ የቲያትር ሠፈር የአንድ ቡቲክ ሆቴል ስዊት ግምገማ

ባለፈው ጥቅምት ወር ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር ሆነን በኒውዮርክ የቲያትር ሠፈር በሚገኝ አንድ ቡቲክ ሆቴል ውስጥ አራት ሌሊት አድረናል። የተከራየነው ተራ ክፍል ሳይሆን ስዊት፣ ማለትም መኝታ ክፍሉና ሳሎኑ በግድግዳና በበር የተለያዩበት ማረፊያ ነበር። እናቴ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ተኝታ ጎህ ሲቀድ የምትነሣ ናት፤ እኔና ባለቤቴ ደግሞ ወደዚያ ከተማ የሄድነው በየምሽቱ ቲያትር ለማየት ነው። ሁለቱን ፍላጎት በአንድ ጣሪያ ሥር ማስታረቅ የሚችለው በመካከል የሚዘጋ በር ብቻ ስለሆነ፣ ከተራው ክፍል በላይ የተጠየቅነውን ገንዘብ የከፈልነው ለዚያ በር ነው ማለት ይቻላል። የሆቴሉን ስም አልጠቅስም፤ ያየሁበት ጉድለት ከአሮጌ ሕንፃ የሚመጣ በመሆኑ፣ በዚያ ሠፈር በተመሳሳይ ሕንፃ ውስጥ የሚሠሩ ሌሎች ሆቴሎችም የሚጋሩት ይመስለኛል።

ቡቲክ ሆቴል የሚለው አጠራር ራሱ ከዚህች ከተማ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 በማዲሰን አቬኑ የተከፈተው ሞርጋንስ የተባለው ሆቴል ከፈር ቀዳጆቹ መካከል ይቆጠራል። በስሙ የሚጠበቀው ነገር ክፍሎቹ ጥቂት፣ አሠራሩ የራሱ መልክ ያለው፣ ሠራተኛውም እንግዳውን በክፍል ቁጥር ሳይሆን በስም የሚያውቅበት ቤት ነው። የእኛው ሆቴል ሦስቱንም አሟልቷል። ስለ ግድግዳው ቀለም፣ ስለ ሥዕሎቹና ስለ ወንበሮቹ ግን ብዙ አልጽፍም፤ ያማሩ ናቸው፣ ፎቶግራፎቹም አልዋሹም።

የቦታው ጥቅም ከጠበቅሁት በላይ ነበር። የብሮድዌይ ቲያትር ቤቶች ተብለው የሚቆጠሩት 41 ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው 500 እና ከዚያ በላይ መቀመጫ አላቸው፤ አብዛኞቹም ከ41ኛው እስከ 54ኛው ጎዳና ባለው ጠባብ መሬት ላይ፣ በስድስተኛና በስምንተኛ አቬኑ መካከል ተጠጋግተው ቆመዋል። ከሆቴሉ ደጃፍ እስከ 45ኛው ጎዳና ቲያትር ቤቶች በእግር አራት ደቂቃ ይፈጃል። ይህ በወረቀት ላይ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ዋጋው የሚታወቀው ግን ረቡዕ ወይም ቅዳሜ፣ የቀንና የማታ ትርኢት በአንድ ቀን ሲታይ ነው። የቀኑ በአብዛኛው ከቀኑ 8 ሰዓት ይጀምርና ወደ 11 ሰዓት ገደማ ያልቃል፤ የማታው ትኬት ላይ 8 ተብሎ የሚጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። በመካከሉ ያሉትን ሦስት ሰዓታት ሌላው ተመልካች በጎዳና ላይ ወይም በተጨናነቀ ምግብ ቤት ውስጥ ሲያሳልፍ፣ እኛ ወደ ሳሎናችን ተመልሰን ጫማ አውልቀን፣ ያየነውን ተወያይተን፣ ልብስ ለውጠን እንወጣ ነበር። ከትርኢቱ በፊት ባለው ሰዓት በእነዚያ ጎዳናዎች ላይ ታክሲ ከእግረኛ ስለሚዘገይ፣ ራቅ ያለ ሆቴል ይዞ በመኪና መምጣት ያተርፋል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን እንቅልፍ ነው። በዚህ ሠፈር ሆቴል ሲመረጥ ከአልጋው በፊት መጠየቅ ያለበት ስለ መስኮቱ ነው ብዬ አምናለሁ። የስዊታችን መኝታ ክፍል ከጎዳናው ተቃራኒ፣ ወደ ሕንፃው ውስጠኛ ግቢ የሚመለከት ሲሆን፣ ከቀድሞው መስኮት በስተውስጥ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ሁለተኛ መስታወት ተገጥሞለታል። ሁለት መስታወቶች በአንድ ፍሬም ውስጥ ተጠጋግተው ሲገቡ ቅዝቃዜን በደንብ ይከላከላሉ እንጂ እንደ አውቶቡስ ሞተር ያለውን ወፍራም ድምፅ እምብዛም አያስቀሩም፤ በመካከላቸው ሰፋ ያለ የአየር ክፍተት ሲኖር ግን ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ኃይሉን ያጣል። በሩ ሲዘጋ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚሰማው የራስ ትንፋሽ ብቻ ነበር። እናቴ በመጀመሪያው ጠዋት «እዚህ አገር ሌሊት ሰው የለም እንዴ?» ብላ ጠየቀችን፤ እኛ ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቲያትር ቤቶቹ ተመልካቾቻቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ጎዳና ሲያወጡ፣ መተላለፊያ አጥተን ተጋፍተን የገባን ነን።

ሳሎኑ ሌላ ዓለም ነው። እኔና ባለቤቴ የተኛነው በዚያ፣ ወደ አልጋ በሚለወጠው ሶፋ ላይ ነበር፤ መስኮቱም በቀጥታ ወደ ጎዳናው ይመለከታል። መስታወቱ እንደ መኝታ ክፍሉ ድርብ ቢሆንም፣ ከመስኮቱ በታች ግድግዳው ተበስቶ የገባው የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ማሽን ዙሪያውን በሚገባ ስላልታሸገ ጥቅሙን አፍርሶታል። ድምፅ አየር በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ስለሚያልፍ፣ ጣት የማታስገባ ስንጥቅ የጥሩ መስታወትን ሥራ ከንቱ ታደርጋለች። የምሽቱ የሰው ጫጫታ አላስቸገረንም፤ እንዲያውም ከቲያትር ለተመለሰ ሰው ደስ ይላል። የቀሰቀሰን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የመጣው የቆሻሻ መኪና ነበር። በኒውዮርክ የምግብ ቤቶችና የሱቆች ቆሻሻ የሚነሣው በግል ድርጅቶች፣ በብዛትም በሌሊት ስለሆነ፣ ምግብ ቤት በበዛበት ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

በማግሥቱ ጠዋት ጉዳዩን ለእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ስናገር ያጋጠመኝ መስተንግዶ፣ ለዚህ ሆቴል ያለኝን ግምት ከፍ ካደረጉት ነገሮች የመጀመሪያው ነው። ሰበብ አላቀረበችም፤ ከተማው እንዲህ ነው ብላም አላለፈችኝም። ማሽኑ ድምፅ የሚያስገባው በስተግራ ነው በስተቀኝ ብላ ጠየቀች፣ ማስታወሻ ያዘች፣ ከቀኑ ትርኢት ስንመለስም የጥገና ባለሙያው በማሽኑ ዙሪያ ያለውን ክፍተት በስፖንጅ ማሸጊያ ዘግቶት አገኘን። መኪናው በሁለተኛውም ሌሊት መጥቷል፤ ድምፁ ግን ከሩቅ ሠፈር የሚመጣ ያህል ቀንሶ ነበር።

ስለ ብርሃኑም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በታይምስ ስኩዌር ዙሪያ ያሉ ትልልቅ ሕንፃዎች የሚያበሩ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች እንዲኖሯቸው እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የከተማው የግንባታ ደንብ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ያ ብርሃን መሸ ተብሎ ቶሎ የሚጠፋ አይደለም። የሳሎናችን መጋረጃ ብርሃን የማያስገባ ወፍራም ጨርቅ ቢሆንም፣ ስፋቱ ከመስኮቱ ጋር እኩል በመሆኑ በሁለቱም ጠርዝ እየተለዋወጠ የሚገባ ቀይና ሰማያዊ መስመር ነበረ። አንድ ጋት ያህል ቢሰፋ ኖሮ ችግሩ አይኖርም ነበር። እንዲህ ባለ ሠፈር ላይ የሚሠራ ሆቴል ለመጋረጃ ስፋት መሰሰት የለበትም።

ከሁሉ የከበደኝ ጉድለት ግን የመታጠቢያ ቤቱ አቀማመጥ ነው። ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ የሻወሩ ውኃ ኃይለኛና ወዲያው የሚሞቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ያለው በር አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም በመኝታ ክፍሉ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ጥርሱን ሊቦርሽ የሚፈልግ ሰው እናቴ በተኛችበት በኩል በጨለማ እየዳሰሰ ማለፍ ነበረበት። በመካከል የሚዘጋ በር ብለን የከፈልንበት ነገር በየምሽቱ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተከፈተ ማለት ነው። በመጀመሪያው ሌሊት እናቴን ቀሰቀስናት፤ ከዚያ በኋላ በሎቢው ሥር ባለው የጋራ መታጠቢያ ቤት ተጠቅመን መውጣት ጀመርን። ይህን ያህል ገንዘብ ከሚያስከፍል ስዊት ይህ አይጠበቅም። ሆቴሉ በድረ ገጹ ላይ አሥራ ስድስት ፎቶግራፎች አስቀምጦ የወለል ፕላን ባለማስቀመጡ ቅር ብሎኛል፤ አንድ ቀላል ንድፍ ቢኖር ከመክፈላችን በፊት ባየነው ነበር። ስዊት የሚለው ቃል ሁሉም ቦታ አንድ ነገር አለመሆኑም መታወቅ አለበት፤ ጁኒየር ስዊት የሚባለው በብዙ ሆቴሎች ሶፋ የተጨመረበት አንድ ሰፊ ክፍል እንጂ በር ያለው ሁለት ክፍል አይደለም።

ሊፍቶቹ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ትንንሽም ናቸው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ መላው ሆቴል በአንድ ጊዜ ወደ ቲያትር ስለሚወርድ፣ ከዘጠነኛ ፎቅ እስከ ታች አሥራ ሁለት ደቂቃ ጠብቀናል። ከሁለተኛው ምሽት ጀምሮ ሩብ ሰዓት ቀድመን መውረድ ለመድን። ቁርሱ ተራ ነው፤ አያስመሰግንም፣ አያስወቅስምም።

ወደ ሠራተኞቹ ልመለስ፤ የዚህ ቤት ሀብት እነርሱ ናቸውና። ትኬት ያልገዛንለት አንድ ምሽት ነበረን። የእንግዳ መስተንግዶ ሠራተኛው ውድ ትኬት ሊሸጥልን ሳይሞክር፣ በታይምስ ስኩዌር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በደፊ ስኩዌር በቀዩ ደረጃ ሥር ወዳለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የዕለቱን ትኬት በቅናሽ ወደሚሸጠው ቲ ኬ ቲ ኤስ ወደተባለው ቦታ መራን። ሙዚቃዊ ያልሆነ ድራማ ለሚፈልግ ሰው ለብቻው የተለየ መስኮት እንዳለና ሰልፉም አጭር እንደሆነ የነገረን እርሱ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ ከመደበኛው ዋጋ በግማሽ ቅናሽ፣ ጥሩ መቀመጫ አገኘን። ሰኞ አብዛኞቹ ቲያትር ቤቶች ዝግ መሆናቸውን የነገረንም ክፍሉን ስንይዝ በጻፈልን መልእክት ላይ ነበር፤ የመምጫ ቀናችንን ከእሑድ ወደ ማክሰኞ የቀየርነውም በዚያ ምክር ነው። ሆቴሉ ከዚህ ለውጥ ምንም አላተረፈም።

ዋጋውን በግልጽ ልንገራችሁ። ስዊቱ ለአንድ ሌሊት 340 ዶላር ሲሆን፣ ሆቴሉ የግድ የሚያስከፍለው የአገልግሎት ክፍያ 35 ዶላር ተጨምሮበት 375 ዶላር ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2025 ጀምሮ የጸናው የፌዴራል ደንብ እንዲህ ያለው አስገዳጅ ክፍያ ከመጀመሪያው በሚታየው ዋጋ ውስጥ እንዲካተት ስለሚያዝ፣ በዚህ በኩል አልተታለልንም። የመንግሥት ግብር ግን ከዚያ ውጭ ነው፤ 14.75 በመቶ ግብርና በየሌሊቱ 3.50 ዶላር ሲደመር የአንዱ ሌሊት ዋጋ 433.81 ዶላር፣ የአራቱ ደግሞ 1,735.24 ዶላር መጣ። ሁለት ተራ ክፍሎች ብንይዝ ኖሮ ከዚህ በላይ እንከፍል ነበር፤ እናቴንም በማታውቀው ከተማ ለብቻዋ በሌላ ፎቅ ማሳደር አልፈለግንም። በዚህ ሂሳብ ዋጋው ተገቢ ነው እላለሁ፤ ለመታጠቢያ ቤቱ በር ሲባል ግን ከአምስት ኮከብ አንዱን ቀንሻለሁ።

ስንወጣ አስተያየታችንን ለሥራ አስኪያጁ በቃል ነገርነው። በየፎቁ ጥግ ላይ ያሉት ስዊቶች መታጠቢያ ቤታቸው ከመግቢያው ኮሪደር እንደሚከፈት፣ ስፋታቸው ግን ትንሽ እንደሚያንስ አስረዳንና፣ በጠረጴዛው ላይ ካለው ወረቀት አንዱን ስቦ የሁለቱንም አቀማመጥ በእርሳስ ነድፎ ሰጠን። ለሚያዝያ የያዝነው የጥግ ስዊቱን ነው፤ ንድፉም ከደረሰኙ ጋር ታጥፎ በቦርሳዬ ውስጥ አለ።