«ከመኪና ነጻ የወርቅ ጉዞ» ለሚሏችሁ ከመክፈላችሁ በፊት

ጎንደር ያላችሁ፣ ለጥምቀትም ለዘመድ ጥየቃም የምትመጡ፦ «በጥንታዊ የወርቅ ማውጫ አገር፣ ከመኪና ነጻ የሳይክል ጉዞ» የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም እየዞረ ነው። እኔ ከፍዬበታለሁ። በሰው 2,800 ብር፣ ለአራት ሰው 11,200 ብር፣ ግማሹ ቀብድ። የሻጮቹን ስም አልጠራም። ስማቸውን እንደ ሸሚዝ ስለሚቀይሩ ብጠራውም አይጠቅማችሁም። ፎቶዎቹን ግን ካያችኋቸው ታውቋቸዋላችሁ።

እህቴ ከሁለት ልጆቿ ጋር ለጥምቀት ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ልጆቹ ፋሲል ግቢን በአንድ ጠዋት ጨረሱት፤ ቁስቋምንም ደብረ ብርሃን ሥላሴንም አዩና «ጋሼ፣ ሌላስ ምን አለ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ማስታወቂያው ትዝ አለኝ። ፎቶዎቹ ልብ ይሰርቃሉ፦ ሜዳ ለሜዳ የተዘረጋ የጠጠር መንገድ፣ ረጅም የባቡር ድልድይ፣ ዓለት ውስጥ የተፈለፈለ ዋሻ፣ ነጭ ገደል የከበበው ሰማያዊ ሐይቅ። ከሐይቁ ሥር «አንገረብ» ተብሎ ተጽፏል። እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። አንገረብ እኮ የከተማችን የመጠጥ ውሃ ግድብ ነው፤ ደለል የበዛበት፣ ክረምት ሲገባ እንደ አተላ የሚደፈርስ። እኔ ግን «ፎቶ አንሺው ጎበዝ ነው» ብዬ አለፍኩት።

የነቃችው እናቴ ናት። ደንቢያ በግ ስትጠብቅ ያደገች ሴት ስለሆነች ስልኬን ተቀብላ ድልድዩንም ዋሻውንም ዘላ ከጥጉ የቆሙትን በጎች አየችና «የነዚህ በጎች ላታቸው የት ገባ?» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ቀብዱን የላክሁት ከሳቅን በኋላ ነው፤ በቴሌብር፣ በግለሰብ ስም። ደረሰኝ ስጠይቅ «ስክሪንሾቱ ደረሰኝ ነው» ተባልኩ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ፒያሳ ተቀጣጠርን። ሳይክሎቹ 2 ሰዓት ተኩል ላይ በአይሱዙ ተጭነው መጡ። አንዱ ማርሽ አይቀይርም፣ የአንዱ ካቴና ዝጓል፣ ለእህቴ የደረሳት ሳይክል የኋላ ፍሬን ጨርሶ የለውም። ሄልሜት ሁለት ብቻ ነበር፣ ለልጆቹ አደረግንላቸው። «ለመያዣ» ብለው የፋይዳ ካርዴን ተቀበሉኝ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ። አስጎብኚ ነኝ ያለው ወጣት ስለ ፍሬኑ ስነግረው «ቁልቁለት ስለሆነ ችግር የለውም፣ ፔዳል መምታት እንኳ አያስፈልግም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከጎንደር አዘዞ ቁልቁለት ነው። ፍሬን የሚፈለገውም ለዚሁ አልነበር!

ከመኪና ነጻ የተባለው መንገድ የአዘዞ አስፋልት ሆኖ ተገኘ። ለጎንደር ሰው ስለዚህ መንገድ መንገር ድፍረት ነው። ለእንግዳ ግን ልንገረው፦ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣው፣ ከባሕር ዳር የሚመጣው፣ ከመተማ ጭነት ይዞ የሚወጣው ሁሉ ከተማ የሚገባው በዚሁ ነው። 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሚኒባስ ከኋላችን እየጮኸ፣ ባጃጅ ያለ ምልክት ፊታችን እየታጠፈ፣ እኔ የ11 ዓመቷን ልጅ በዓይኔ ይዤ ዳዊት እየደገምኩ ወረድን። እህቴ ግማሹን መንገድ ሳይክሏን እየገፋች በእግሯ ሄደች።

አዘዞ ደርሰን ከመንገዱ ትንሽ ወጣ እንዳልን «የወርቅ ማውጫው» አንድ የድንጋይ ጉድጓድ ሆነ። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ጥቁር ድንጋይ ይጠርባሉ። አስጎብኚው ጉሮሮውን ጠርጎ «የአፄ ሱስንዮስ ወርቅ ይወጣ የነበረው ከዚህ ነው» ሲል አንደኛው ጠራቢ መዶሻውን አስቀምጦ «ወርቅ ቢኖርበትማ እኔ ኮብልስቶን እጠርብ ነበር?» አለው። የዚያን ቀን ብቸኛው እውነተኛ ማብራሪያ ይህ ነበር።

ከዚያ ወደ ቆላ ድባ አቅጣጫ «ጣልያን የዘረጋው የድሮ ሀዲድ» ወዳለበት ሊወስደን ተነሣ። ኬላ ላይ ወረቀት ሲጠየቅ ምንም የለውም፤ ለኛ ግን ፈቃዱ ሁሉ አልቋል ተብሎ ነበር። በዚህ ጊዜ ልጆች ይዞ ከከተማ መውጣት ምን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። የመለሱንን ሰዎች አመስግኜ ተመለስኩ። አሁን የቀረው ዳገቱ ነው። «መኪና ይመልሳችኋል ብላችሁ አልነበር?» ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ከመኪና ነጻ ብለን ጽፈን የለ እንዴ!»

ቀሪውን 5,600 ብር አልከፍልም አልኩ። መታወቂያዬ ግን እነሱ ኪስ ነው። ከፈልኩ። በሁለት ባጃጅ ቤታችን ገባን።

ማታ ትልቁ ልጅ ፎቶዎቹን ጉግል ላይ ጥሎ ፈለጋቸው። ኒውዚላንድ ናቸው። ኦታጎ በሚባለው የደቡብ ግዛቷ ከሚድልማርች እስከ ክላይድ 152 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የሳይክልና የእግር መንገድ አለ። የባቡር መስመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ባቡሩ ሲቆም ሀዲዱ ተነቀለ፣ ጠጠር ለበሰ፣ በ2000 ተመረቀ። መኪናና ሞተር ሳይክል አይገባበትም። ባቡር ዳገት ስለማይችል የመንገዱ ከፍታ በ50 ሜትር ርቀት ከ1 ሜትር በላይ አይጨምርም፣ ሽማግሌ ሳይቀር ይነዳበታል። ዋሻዎቹም የባቡሩ ናቸው፤ ፑልበርን ሸለቆ ያሉት ሁለቱ መብራት ስለሌላቸው ባትሪ ይዞ መግባት ነው።

ወርቁም የእውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 ጋብርኤል ሪድ የተባለ ሰው አንድ ሸለቆ ውስጥ ወርቅ አገኘና ሰው ከየአገሩ ጎረፈ። እየቆየ ውሃ በቱቦ በኃይል እየረጩ ኮረብታ ማጠብ መጣ፤ አፈሩ ይሄዳል፣ ወርቁ ስለሚከብድ ከሥር ይቀራል። የኛ «አንገረብ» ከዚያ መንገድ ራቅ ብላ ባለች ሴንት ባታንስ በምትባል የወርቅ አውጪዎች መንደር የሚገኝ፣ ኮረብታው ታጥቦ ካለቀ በኋላ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ነው። ሰማያዊ ያደረገው ማዕድኑ ነው። በጎቹ ደግሞ የሱፍ በጎች ናቸው፣ ላት የላቸውም። እናቴ ይህን ስትሰማ ምንም አላለችም፤ ቡናውን ብቻ ቀዳችልኝ፣ ያ ከስድብ ይከፋል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ያ መንገድ በነጻ የሚነዳበት መሆኑ ነው። መግቢያ እንኳ አይከፈልም።

ጎንደር ወርቅ አታውቅም እያልኩ አይደለም። ከተማዋ በ1628 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ ቤተ መንግሥቱም ገበያውም ወርቅ አይቷል። ግን ወርቁ በሲራራ ነጋዴ የመጣ ነው፣ ከደቡብ ምዕራቡ ከእናርያና ከሱዳን ጠረፍ ከፋዞግሊ ወገን። ከእግራችን ሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ባዛልት ነው፤ የአገራችን ወርቅ የሚገኘው ከዚህ እጅግ በሚያረጅ ዓለት ውስጥ፣ እነ ቤኒሻንጉልና ጉጂ ዘንድ ነው። እዚያ ሰው አሸዋ በገበቴ እያጠበ ወርቅ ሲለቅም ማየት ይቻላል። ባቡርም ጎንደር ገብቶ አያውቅም፣ ጣልያን የሠራው የመኪና መንገድ ነው። «ሰሙን ገዝተህ ወርቁን አጣህ» የሚለውን ቀልድ ወንድሜ ጨርሶታልና እናንተ አትድገሙብኝ።

ገንዘቤን ለማስመለስ ሞክሬያለሁ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ሕጉስ ከኛ ጋር ነው። አቤት ልል ስሄድ ግን መጀመሪያ የተጠየቅሁት ደረሰኝ፣ ቀጥሎ የሻጩ የንግድ ስም ነው። ሁለቱም የለኝም፣ ያለኝ ስክሪንሾት ነው። ስለዚህ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት መንገዱ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል የት እንደሚደርስ በቦታ ስም አስነግሯቸው፤ «ስትመጡ ታዩታላችሁ» ካሉ ተዉት። ሳይክሉን ዋዜማውን ሄዳችሁ ፍሬኑን ራሳችሁ ጨብጡት። ፎቶውን ጉግል ላይ ጣሉት፣ የእህቴ ልጅ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። መታወቂያ ግን ለማንም እንዳትሰጡ፤ እኔን ከፍሬኑም ከቀብዱም በላይ የጎዳኝ እሱ ነው።

ስልካቸው አሁን ዝግ ነው። ትናንት ግን በሌላ ስም አዲስ ማስታወቂያ ወጥቶ አየሁ፤ ለፋሲካ፣ «የጎርጎራ ወርቃማ ጉዞ» ይላል፣ ዋጋው 3,200 ብር ገብቷል። ሐይቁን ከፎቶዎቹ ቀንሰውታል። በጎቹ ግን እነዚያው ናቸው።