«ዘ ሬብልስ ሲልዌት»፦ ፋይዝ በካሽሚራዊው ሻሂድ አሊ ትርጉም

መጽሐፉ በኡርዱ፣ ማለትም በፓኪስታንና በሕንድ በሚነገረው ቋንቋ፣ የጻፈው ባለቅኔ የፋይዝ አህመድ ፋይዝ ምርጥ ግጥሞች ናቸው፤ ወደ እንግሊዝኛ የመለሳቸው በካሽሚሯ ከተማ ስሪናጋር ያደገው ገጣሚ አጋ ሻሂድ አሊ (እ.ኤ.አ. 1949–2001)። የምትገዙ ከሆነ የ1991ዱን ተዉትና በ1995 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የወጣውን የተሻሻለ እትም ፈልጉ። ኡርዱው አብሮ ስለታተመ ፊደሉን የማያውቅ አንባቢ እንኳ ስንኝ በመቁጠር ብቻ ተርጓሚው የት እንደዘረጋው ይደርስበታል።

በተለይ ጋዘሎቹ ላይ መቁጠር ይበጃል። ጋዘል በሁለት በሁለት ስንኝ የሚሄድ፣ ሕጉ ጥብቅ የሆነ ግጥም ነው። ቤት የሚመታው ድምፅ ቃፊያ ይባላል፤ ከእሱ ቀጥሎ ሳይለወጥ የሚደጋገመው ቃል ራዲፍ ነው። በመክፈቻው ጥንድ ሁለቱም ስንኞች በእነዚህ ይዘጋሉ፤ ከዚያ ወዲያ ግዴታው የየጥንዱ ሁለተኛ ስንኝ ብቻ ነው። መህዲ ሀሰን ያዜመው የፋይዝ ጋዘል «ናውባሃር ቻሌ»፣ «ካሮባር ቻሌ» እያለ ይወርዳል፤ «ኣር» ቃፊያው፣ «ቻሌ» ራዲፉ።

አሊ ሁለቱንም ጥሎ ቤት በማይመታ ነፃ ግጥም ተርጉሟል። አይፈረድበትም። ኡርዱ እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያሳርፍ አንድ ግስ ራዲፍ ሆኖ እስከ ታች ይዘልቃል፤ እንግሊዝኛ ግሱን መሃል ላይ ስለሚያውለው ድግግሞሹ ቶሎ ይጎረብጣል። የሚገርመው ግን ይኸው ሰው በ2000 ባሰናዳው የእንግሊዝኛ ጋዘሎች መድበል ቃፊያና ራዲፍ የሌለውን ጋዘል አልቀበልም ብሎ መሟገቱ ነው። ስለዚህ የጋዘልን አሠራር መማር የፈለገ ይህን አይግዛ፤ ከሞቱ በኋላ በ2003 የታተሙት የራሱ ጋዘሎች፣ «ኮል ሚ ኢሽሜኤል ቱናይት»፣ ይሻሉታል።

መጽሐፉ ዋጋውን የሚያወጣው በናዝሞቹ፣ ማለትም አንድ ሐሳብ ይዘው በሚዘልቁት ግጥሞች ነው። «የቀድሞውን ፍቅር አትጠይቂኝ» የሚለው በወዳጅ ውበት ይጀምርና ሳይታሰብ ገበያ ላይ በአቧራና በደም ወደተለወሱ ገላዎች ይዞራል። አሊ ይህን መታጠፊያ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ያልፈዋል፤ ስብከት ቢያስመስለው ኖሮ ግጥሙ አብቅቶለት ነበር።

ብዙ አንባቢ የሚሳሳተው ሁሉንም የፍቅር ግጥም አድርጎ ሲያነብ ነው። ፋይዝ በ1951 በራዋልፒንዲ ሴራ፣ ማለትም የፓኪስታንን መንግሥት ለመገልበጥ ተዶለተ በተባለው ጉዳይ፣ ተከሶ አራት ዓመት ያህል ታስሯል። የጋዘል የጥንት ዕቃዎች የሆኑት የወፍ ማጎሪያው፣ ገዳዩ፣ ጠጅ አሳላፊው፣ የራቀችው ወዳጅ በእሱ እጅ ወህኒ፣ አገዛዝና ያልመጣ አብዮት ይሆናሉ። ካሽሚርም ለእሱ ባዕድ አልነበረችም፤ በ1941 ስሪናጋር ሲያገባ ኒካውን (የእስልምና የጋብቻ ውሉን) ያሰረለት የካሽሚሩ የፖለቲካ መሪ ሼክ አብዱላ ነው።

ዜማውን ከትርጉሙ አትጠብቁ። «አትጠይቂኝ»ን ኑር ጀሃን ስታዜመው አስቀድማችሁ ስሙ፣ ከዚያ ገጹን ክፈቱ።